የኢጣሊያንኛ ቃላት በአማርኛ፤ ታሪካቸው፣ አነባበባቸውና ለትምህርት ያላቸው ፋይዳ

መግቢያ

በአዲስ አበባ የሚገኘው የልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ነባሩ መንደር በመልሶ ማልማት ዕቅድ ከተነሣ በኋላ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት የተሠራ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ነው። ሕንፃዎቹ የቅርብ ዘመን ሥራ ቢሆኑም፣ የተሠሩባቸው ነገሮች የሚጠሩባቸው ቃላት ግን ከሕንፃዎቹ በብዙ ዓመታት ይቀድማሉ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ማያያዣው ሲሚንቶ ነው፤ ወለሉና ምሰሶው አርማታ፣ በአርማታው ውስጥ የተቀበረው ብረት ፌሮ ይባላል። ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ፣ ከመታጠቢያው ክፍል ባኞ ይገኛል። ከሕንፃዎቹ ግርጌ ጎሚስታው ጎማ ይጠግናል፤ በቡና ቤቱ ማኪያቶ ይቀዳል፤ ልጆች ማሊያ ለብሰው ኳስ ይጫወታሉ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲለያይም «ቻው» ይላል።

እነዚህ ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ተናጋሪው ግን ኢጣሊያንኛ እንደሚናገር አይሰማውም፤ የአማርኛ ቃል ሆነውለታልና። የሰፈሩ መጠሪያ የሆነው «ኮንዶሚኒየም» እንኳ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ የላቲን ቃል ሲሆን፣ ኢጣሊያኖች ራሳቸው «ኮንዶሚኒዮ» ይሉታል፤ ፍቺውም የጋራ ባለቤትነት ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ዕለታዊ የኢጣሊያንኛ ቃላትና አነጋገሮች ወደ አማርኛ የገቡበትን ታሪክ፣ በአነባበብና በትርጉም ረገድ የደረሰባቸውን ለውጥ፣ እንዲሁም ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ለሚከታተል ተማሪ የሚሰጡትን ጥቅምና የሚፈጥሩበትን ችግር ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማሳየት ነው።

1. የአንድ ግሥ ትርጉም

ኢትዮጵያ ከኢጣሊያንኛ ጋር የተዋወቀችው በቀላል ነገር አልነበረም። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ሲሆን፣ 17ኛው አንቀጹ በሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ትርጉም ይዞ ተገኘ። በአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መንገድ ለመሥራት እንደተስማሙ አድርጎ ስለሚናገር፣ የኢጣሊያ መንግሥት አንቀጹን እንደ ግዴታ ተረጎመው። በአማርኛው ፈቃድ የነበረው በኢጣሊያንኛው የሞግዚትነት ማስረጃ ሆነ።

ዐፄ ምኒልክ ልዩነቱን የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያገኝ ነው። ውሉንም በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት። ነገሩ በክርክር ሊፈታ ባለመቻሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በጦርነት ተፈታ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውልም የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አረጋገጠ። የጦርነቱ መንሥኤ የቅኝ ግዛት ፍላጎት እንጂ የአስተርጓሚ ስሕተት ብቻ አልነበረም። ሆኖም ስለ ትርጉም የሚያስተምር ሰው ሁሉ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ፤ ይኸውም አንድ ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ድምፁ ቢመሳሰልም ሆነ ትርጉሙ ቢቀራረብ፣ ሳይመረመር ሊታመን እንደማይገባው ነው።

በሰላሙ ዘመን የተሠሩ ሥራዎችም ነበሩ። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኢኛሲዮ ጉይዲ የአማርኛና የኢጣሊያንኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1901 በሮም አሳተመ። በኢጣሊያ አማርኛ ያስተምሩ የነበሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም የአማርኛን ሰዋስው በኢጣሊያንኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1905 አወጡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ የንግግር መጽሐፍ አሳተሙ። የእነዚህ መጻሕፍት ተጠቃሚ ግን በአብዛኛው አማርኛ ሊማር የፈለገው አውሮፓዊ ነበር። ኢትዮጵያዊው ኢጣሊያንኛን የሰማው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራ ቦታ፣ ከገበያና ከወታደር አፍ ነው።

2. ቃላቱ የገቡበት ዘመን

ኢጣሊያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ ካደረገችበት ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣሊያንኛ ቃላት በሰሜን በኩል ቀስ በቀስ ይገቡ ነበር። በብዛት የገቡት ግን የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ በነበሩት አምስት የወረራ ዓመታት ነው።

በእነዚያ ዓመታት ከተማው በዘር ተከፋፍሎ እንዲሠራ ታቀደ። አራዳ የአውሮፓውያን መገበያያ ሆኖ «ፒያሳ» ሲባል፣ የአገሬው ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ «መርካቶ» ተባለ። ፒያሳ አደባባይ፣ መርካቶ ደግሞ ገበያ ማለት ነው። «ካዛንቺስ» የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው የኢጣሊያ ድርጅት ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ሲሆን፣ «ካዜ» የብዙ ቁጥሩ ነው፤ «ኢንቺስ» የድርጅቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው ሲነበቡ የሚሰጡት ድምፅ ነው። «ፖፖላሬ» ደግሞ ለተራው ሕዝብ የተሠራ ቤት ከሚለው አነጋገር የቀረ ቃል ነው። ሕዝቡ የመከራውን ስምም አብሮ ወረሰ። «ባንዳ» በኢጣሊያንኛ የጭፍራ ስም ብቻ ነበር፤ በአማርኛ ግን አገሩን ለጠላት ያደረ ሰው መጠሪያ ሆነ። «ከርቸሌ»ም እስር ቤት ከሚለው «ካርቼሬ» የመጣ ነው።

በትምህርት ረገድ የወረራው ዘመን የጥፋት ዘመን ነበር። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለአውሮፓውያን ልጆች ብቻ የሚያገለግል ትምህርት ቤት ሆነ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ወደ ወታደር ሆስፒታል ተለወጠ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር የተማሩ ወጣቶች እየተፈለጉ ተገደሉ። ለአገሬው ልጅ የተፈቀደለት ትምህርት ለታዛዥነትና ለዝቅተኛ ሥራ ከሚያበቃ ያለፈ አልነበረም። ስለዚህ የኢጣሊያንኛ ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ትምህርት ተስፋፍቶ ሳይሆን ትምህርት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ያመጣቸው መምህሩ ሳይሆን ግንበኛው፣ ሾፌሩና መካኒኩ ነው።

ነጻነት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ የትምህርት ቤቱ የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። የጋራዡና የግንባታው ቋንቋ ግን አልተለወጠም። በኢትዮጵያ የቀሩ ኢጣሊያውያን ባለሙያዎች ከእጃቸው ሥር ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሙያቸውን ከነቃላቱ አስተማሩ፤ የኢጣሊያ የጭነት መኪናዎችም ለረጅም ዘመን በየመንገዱ ነበሩ። ሾፌሮች «ኤንትሬ» ብለው የሚጠሩት የፊያት ጭነት መኪና፣ «ትሬ» በሚለው የኢጣሊያንኛ ቁጥር ሦስትነቱን ይዞ ቆይቷል። በዚህ ሁኔታ አንድ አገር ሁለት የሙያ ቋንቋ ያዘ፤ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ የእጁ ኢጣሊያንኛ ሆነ።

3. ስለ አነባበብ

ኢጣሊያንኛ እንደ ተጻፈ የሚነበብ ቋንቋ ነው። የንባብ ሕጉ ግን ከእንግሊዝኛው ስለሚለይ፣ በእንግሊዝኛ ሕግ የሚያነብበው ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሻለ ዕድል አለው።

አንደኛ፣ «ሲ» የተባለው የላቲን ፊደል ከ«ኢ» ወይም ከ«ኤ» ድምፅ በፊት ሲገኝ «ቸ» ተብሎ ይነበባል፤ «ኤች» በመካከል ከገባ ግን «ከ» ይሆናል። ስለዚህ «ቻው» በ«ቸ»፣ «ማኪያቶ»ና «መኪና» በ«ከ» ይነበባሉ። በእንግሊዝኛ «ሲ» እና «ኤች» አንድ ላይ ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ «ቸ» ስለሚባሉ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የተማረ ሰው ቃሉን ከጽሑፍ ሲያነብ «ማቺያቶ» ሊል ይችላል። ቃሉን በጆሮው የለመደው የቡና ቤት አስተናጋጅ ግን አይሳሳትም።

ሁለተኛ፣ «ጂ» እና «ኤን» ተከታትለው ሲመጡ የሚሰጡት ድምፅ የአማርኛው «ኘ» ነው። «ባኞ»ና «ላዛኛ» ለዚህ ምስክር ናቸው። እንግሊዝኛ ለዚህ ድምፅ የራሱ ፊደል የለውም፤ የኢትዮጵያ ፊደል ግን አለው። «ጂ» ከ«ኤል» ጋር ሆኖ የሚሰጠው ለስላሳ ድምፅ በአማርኛ ስለማይገኝ «ሊያ» ተብሎ ተወርሷል፤ «ማሊያ» እንደሚለው።

ሦስተኛ፣ በኢጣሊያንኛ ተነባቢ ሲደገም ድምፁ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ትርጉሙ ይለወጣል። «ፓላ» ላልቶ ሲነበብ አካፋ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኳስ ነው፤ «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ ወንድ አያት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥም ተነባቢ ይደገማል፤ በአንድ ቃል ውስጥ ግን ድምፁ ስለማይጠብቅ፣ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት ለመያዝ ብዙ ይደክማል። «ዋና»ን ላልቶና ጠብቆ፣ «ገና»ን ላልቶና ጠብቆ እየለየ ላደገ ተማሪ ግን ነገሩ የቤቱ ነገር ነው። ልዩነቱ የኢጣሊያ ጽሕፈት መጥበቅን በፊደል ማሳየቱ፣ የእኛው ጽሕፈት ግን ለአንባቢው መተዉ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ አማርኛ የተቀበላቸውን ቃላት በራሱ ጠባይ አርሟል። «ጽ» የሚመስለው የኢጣሊያንኛ ድምፅ «ሰ» ሆኗል፤ «ፒያጻ» ፒያሳ፣ «ፍሪጽዮኔ» ፍሪሲዮን ተብሏል። «ቨ» ወደ «በ» ተለውጧል፤ «ካቻቪቴ» ካቻቢቴ እንደተባለ። የመጨረሻው አናባቢ አንዳንድ ጊዜ ወድቋል፤ «ቡሎኔ» ብሎን፣ «ብሎኬቶ» ብሎኬት ሆነዋል። በኢጣሊያንኛ የብዙ ቁጥር የሆኑ ቃላትም እንደ ነጠላ ተወስደዋል፤ «ካልሲ»፣ «ስፓጌቲ»ና «ጀላቲ» በአገራቸው ብዙ ቁጥር ናቸው፤ አማርኛ ግን «ካልሲዎች» ብሎ በራሱ ሥርዐት ደግሞ ያበዛቸዋል። እነዚህ ለውጦች ስሕተት ተብለው ሊታረሙ አይገባም፤ ቃሉ ዜግነቱን የለወጠበት ምልክት ናቸው።

4. ስለ ትርጉም

ከአነባበቡ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ትርጉሙ ነው። «ቻው» በኢጣሊያ ሲገናኙም ሲለያዩም ይባላል፤ በአማርኛ ግን የመለያያ ቃል ብቻ ሆኗል። የቃሉ ሥር በቬኔሲያ ሰዎች አነጋገር «አገልጋይህ ነኝ» ማለት ነበር። የዛሬው ኢጣሊያዊ ግን «ቻው» የሚለው «አንተ» ወይም «አንቺ» ለሚለው ሰው ነው፤ ለሚያከብረው ሰው «አሪቬዴርቺ» ወይም «አሪቬዴርላ» ይላል፤ ይህም በአማርኛ «ደኅና ይሁኑ» ከማለት ጋር ይመጣጠናል።

አክብሮትን በተመለከተ ኢጣሊያንኛና አማርኛ ይቀራረባሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ይርቃል። እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺንና እርስዎን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ኢጣሊያንኛ ለቅርብ ሰው «ቱ»፣ ለሚከበር ሰው «ሌይ» ይላል። ጤንነት ሲጠየቅ «ኮሜ ስታይ» ማለት «እንዴት ነህ» ወይም «እንዴት ነሽ»፣ «ኮሜ ስታ» ማለት ደግሞ «እንደምን ነዎት» ማለት ነው። የፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 «ሌይ» የሚለውን የአክብሮት አነጋገር አጥፍቶ በሌላ ሊተካው ዘመቻ አድርጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከመንግሥቱ ውድቀት በኋላ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ። ሰዎች እርስ በርስ የሚከባበሩበት ቃል በዐዋጅ እንደማይለወጥ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሌሎቹ የየዕለት አነጋገሮችም በአማርኛ በኩል ሲተረጎሙ ይቀላሉ። «ቧንጆርኖ» ከጠዋት ጀምሮ የሚባል ስለሆነ፣ እንደ ሰዓቱ «እንደምን አደሩ» ወይም «እንደምን ዋሉ» ሊሆን ይችላል፤ «ቧና ሴራ» «እንደምን አመሹ» ነው። «ግራጽዬ» አመሰግናለሁ፣ «ፔር ፋቮሬ» እባክዎ፣ «ስኩዚ» ይቅርታ ማለት ነው። «ፕሬጎ» ግን አንድ ፍቺ የለውም፤ ለምስጋና ሲመለስ «ምንም አይደል»፣ እንግዳ ሲጋበዝ «ይግቡ» ወይም «ይቀመጡ»፣ ደንበኛ ሲስተናገድ «ምን ልታዘዝ» ይሆናል። ተርጓሚው ቃሉን ሳይሆን ሁኔታውን መተርጎም አለበት።

በሙያ ቃላት ረገድ ያለው የትርጉም ሽግሽግ ለተማሪው ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። «አርማታ» በኢጣሊያንኛ «የታጠቀ» ማለት ነው፤ ብረት የታጠቀ ሲሚንቶ ከሚለው ሐረግ አማርኛ ሁለተኛውን ቃል ብቻ አስቀርቶ የነገሩ ሁሉ ስም አደረገው። «ኮርኒስ» በኢጣሊያንኛም በእንግሊዝኛም የጠርዝ ጌጥ ወይም ክፈፍ ሲሆን፣ በአማርኛ ከጣሪያ ሥር ያለው ልባስ ሆኗል። «ባኞ» በኢጣሊያንኛ መታጠብና መታጠቢያ ክፍል፣ በአማርኛ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ነው። «ባሌስትራ» በጥንት ዘመን የተወጣጠረ ቀስት ያለው የጦር መሣሪያ ነበር፤ መኪናን የሚሸከመው የተነባበረ ብረት ቀስት ስለሚመስል ስሙን ወረሰ። «ካንዴላ» ሻማ ማለት ሲሆን በሞተር ውስጥ እሳት የሚጭር ዕቃ ነው፤ በፊዚክስ ደግሞ የብርሃን ብርታት መለኪያ ሆኖ ይገኛል። «መኪና»ም እንደ ኢጣሊያንኛው ሁለት ፍቺ ይዞ ቀርቷል፤ የሚነዳውም መኪና ነው፤ የስፌቱና የጽሕፈቱም መሣሪያ መኪና ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን በተለያየ ስም ይለያቸዋል።

5. ለትምህርት ቤት ያለው ፋይዳ

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲጀምሩ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። የሙያ ተማሪውም የሚያነብባቸው መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ይህ ተማሪ ለሥራ ልምምድ ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ግንባታ ቦታ ሲላክ፣ ባለሙያው «ካቻቢቴ አቀብለኝ፤ ብሎኑን አጥብቀው» ይለዋል። ተማሪው የዕቃውን የእንግሊዝኛ ስም ሊያውቅ ይችላል፤ የሚጠየቀው ግን በሌላ ስም ነው። በአንጻሩ ከጋራዥ ያደገ ልጅ የሞተርን ክፍል ሁሉ በኢጣሊያንኛ ስሙ እያወቀ፣ በፈተና ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሲመጣበት እንዳላወቀ ይቆጠራል። የሚጎዳው እውቀት የጎደለው ተማሪ አይደለም፤ እውቀቱ የተጠራበት ስም ከፈተናው ስም ያልገጠመለት ተማሪ ነው።

መምህሩ እነዚህን ቃላት «የመንገድ ቃል» ብሎ ከመናቅ ይልቅ እንደ ድልድይ ቢጠቀምባቸው ብዙ ያተርፋል። ለምሳሌ «ፍሪሲዮን» በመካኒክ ዘንድ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል ነው። የቃሉ ዘመድ የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል በፊዚክስ መጽሐፍ ሰበቃን ያመለክታል። ፍሪሲዮን የሚሠራው ሁለት ገጾች ተጠጋግተው ሲተሻሹ በሚፈጠር ሰበቃ መሆኑን መምህሩ ቢያስረዳ፣ ተማሪው አንድ የቋንቋ ትምህርትና አንድ የፊዚክስ ትምህርት በአንድ ጊዜ ይቀስማል። እንዲሁም በ«ብሎኬት» መጨረሻ ያለው ክፍል ትንሽነትን እንደሚያመለክት፣ «ሞተሪኖ»ም ትንሽ ሞተር ማለት እንደሆነ ማስረዳት፣ ቃላት በደንብ የሚሠሩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል።

በዚህ መሠረት ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

ሀ) በየሙያው መስክ በሥራ ላይ ያለውን የኢጣሊያንኛ ምንጭ ያለው ቃል፣ የአማርኛ አቻውንና የእንግሊዝኛ ስሙን ጎን ለጎን የሚያሳይ መዘርዝር ቢዘጋጅ፣ የእንግሊዝኛውም አነባበብ በኢትዮጵያ ፊደል ቢጻፍ፤

ለ) መዘርዝሩ በጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ከግንበኞች፣ ከቧንቧ ሠራተኞችና ከመካኒኮች አፍ ቢሰበሰብ፤ የእነዚህ ሰዎች ቃል በመጽሐፍ ስላልተጻፈ ከባለሙያዎቹ ጋር የሚጠፋ ነውና፤

ሐ) ለአዲስ ነገር አዲስ የአማርኛ ስም ሲወጣ፣ ሕዝቡ የለመደውን ቃል ለማፍረስ ሳይሆን ስም ያላገኘውን ለመሰየም ቢታሰብ።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተቋቋመው የአማርኛ መርሐ ልሳንና እርሱን የተኩት ተቋማት ለሳይንስና ለቴክኒክ ስያሜ ብዙ ደክመዋል። ልምዳቸው የሚያስተምረው ሥራ ላይ ያልዋለ ስያሜ በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንደሚቀር፣ በሥራ ላይ የዋለ ቃል ደግሞ መዝገብ ባይኖረውም እንደሚኖር ነው።

መደምደሚያ

እነዚህ ቃላት የወራሪ ቋንቋ ቃላት ስለሆኑ ሊወገዱ ይገባል የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። ስሜቱ ከታሪክ የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም ወራሪው የተወውን ቃል ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ወስዶ፣ በራሱ አንደበት አርሞ፣ ለራሱ ሥራ አውሎታል። ለአውሮፓውያን ተከልሎ የነበረው ፒያሳ የሁሉ ሆኗል፤ የአገሬው ሕዝብ እንዲገለልበት የታቀደው መርካቶ የአገሪቱ ታላቅ ገበያ ሆኗል። «ባንዳ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሰጪው አፍ ይልቅ በተቀባዩ አፍ ከባድ ፍርድ ይዟል።

በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ የሚያጠና ተማሪ፣ ከቤቱ ግድግዳ እስከ ኮርኒሱ ድረስ የታሪክና የቋንቋ ትምህርት ተጽፎለታል። ይህንን እንዲያነብ ማስቻል የመምህሩ ፈንታ ነው፤ መምህሩ ለዚህ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ማዘጋጀት ደግሞ የዕቅድ አውጪው ኃላፊነት ነው።